«ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም»፦ ከአንገት ንፍፊት በመርፌ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ያጋጠመ የደም መፍሰስ

ጠዋት ናሙና የወሰድኩላቸው እናት ከሰዓት ተመልሰው መጡ። በአንድ እጃቸው አንገታቸውን ይዘዋል፣ በሌላው የልጃቸውን ክንድ። እጃቸውን ሲያነሱ ከመንገጭላቸው በታች እንቁላል የሚያህል አዲስ እብጠት አየሁ። የለጠፍኩላቸው ፕላስተር በደም ርሷል። ልጃቸው ድምጿ እየተንቀጠቀጠ «ዶክተር፣ ቀላል ምርመራ ነው ብለውን አልነበር?» አለችኝ።

ብያለሁ። ዛሬም ቀላል ነው እላለሁ። በቀጭን መርፌ ከንፍፊት ናሙና መውሰድ በሕክምና ውስጥ ካሉ ምርመራዎች አደጋው በጣም አነስተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ግን «ቀላል» የሚለው ቃል እኔንም እሳቸውንም አዘናግቶን ነበር። ይህን ጉዳይ የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው። ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገር ሁሉ አውጥቻለሁ።

የ58 ዓመት ሴት ናቸው። በግራ አንገታቸው በኩል እብጠት ከወጣ ሁለት ወር አልፎታል። ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ ወደ ደረት አጥንት ከሚወርደው ጡንቻ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ ወስደዋል፣ አልጠፋም። ማታ ማታ ትኩሳት አለ፣ ክብደትም ቀንሰዋል። ስዳስሰው 3 ሴንቲሜትር ይሆናል። ቆዳው ትንሽ ቀላ ብሏል፣ ይሞቃል፣ ሲነካ ያማል። ከሥሩ ሌሎች ትናንሽ ንፍፊቶች ተያይዘው ይሰማሉ። እንዲህ ተያይዞ የሚያብጥ፣ ቀስ እያለ የሚያድግ የአንገት ንፍፊት ሲታይ መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት አንዱ የንፍፊት ቲቢ ነው። ካንሰርም መታሰብ አለበት። ሁለቱን ለመለየት ናሙና ያስፈልጋል።

እንደተለመደው ጠየቅኳቸው። ደም ግፊት? የለም። ስኳር? የለም። ሲቆረጡ ደም አልቆም ይላቸዋል? በፍጹም። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?

«የለም ልጄ» አሉኝ።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ።

የተጠቀምኩት መርፌ 23 ጌጅ ነው፣ ውፍረቱ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ። ደም ለመቅዳት ከሚያገለግለው የተለመደ መርፌ ይቀጥናል። ቁራጭ ሥጋ የሚያወጣው የባዮፕሲ መርፌ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ከ18 እስከ 14 ጌጅ ይሆናል፣ ማለትም ከ1.2 እስከ 2.1 ሚሊሜትር። ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራል። ሁለቱም «የመርፌ ምርመራ» ስለሚባሉ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ የመድማት አደጋቸው ግን እኩል አይደለም።

መጀመሪያ ስወጋ ወፈር ያለ፣ አይብ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ይህ የንፍፊቱ መሀል መሞቱን ያሳያል። ለቲቢ ምርመራ ጥሩ ናሙና ነው፣ ምክንያቱም ባክቴሪያው እዚያ ይገኛል። ለማይክሮስኮፕ ግን የሞተ ነገር ብዙ አይናገርም፤ በሕይወት ያሉ ሕዋሳት ያስፈልጋሉ። እነሱ ያሉት ጠርዙ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ጠርዙን አነጣጥሬ ወጋሁ። ሲሪንጁ ውስጥ ንጹሕ ደም ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ጤነኛ ንፍፊት የባቄላ ፍሬ የሚያህል ትንሽ ነገር ናት። ደም የሚገባላትም የሚወጣላትም በአንድ በኩል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። ኢንፌክሽን ሲይዛት ሰውነት ወደ እሷ ብዙ ደም ይልካል። የደም ሥሮቿ ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል፣ አዳዲስ ቀጫጭን ሥሮችም ይበቅላሉ። ቆዳው የሚቀላውና የሚሞቀው በዚህ የተነሳ ነው። በቲቢ ደግሞ መሀሉ ሲሞት የደም ሥሮቹ ወደ ዳር ይገፋሉ። መሀሉን ብትወጉ መግል እንጂ ደም አይወጣም። ጠርዙ ግን በደም ሥር የተከበበ አጥር ነው። እኔ የፈለግኳቸው ሕዋሳትና እነዚያ የደም ሥሮች አንድ ቦታ ላይ ናቸው። መርፌውን እዚያ መስደዴ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መርፌውን እንዳወጣሁ ጎዝ ሰጥቻቸው «ጫን አድርገው ይያዙት» አልኳቸው። እኔ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ በሚታዩት መስታወቶች፣ በስላይዶቹ ላይ፣ መቀባት ነበረብኝ። ናሙናው ከረጋ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሰከንዶች ይቆጠራሉ። ዞር ብዬ ሳይ እሳቸው በየደቂቃው ጎዙን ገልጠው ያያሉ፣ እንደገና ይጫናሉ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ቆዳው ላይ ደም አልነበረም። ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን ነገርኳቸው፣ ሄዱ።

ቆዳ ላይ ደም አለመታየቱ ምንም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመርፌው ቀዳዳ ቆዳው ላይ ወዲያው ይዘጋል። ከሥር ያለው የደም ሥር ግን ገና ክፍት ሊሆን ይችላል፣ ደሙም ወደ ውስጥ ይፈሳል። የአንገት ሥጋ ደግሞ ልል ነው፣ ደም የሚገባበት ክፍተት አያጣም። ጎዙ በተገለጠ ቁጥር ሊዘጋ የጀመረው ቀዳዳ እንደገና ይከፈታል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የለጠፍኩት። ሌላ ታካሚ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ሲመለሱ መጀመሪያ የመረመርኩት እብጠቱን አይደለም፤ አተነፋፈሳቸውን ነው። አንገት ውስጥ የሚፈስ ደም የሚያስፈራው በብዛቱ አይደለም። ከሰውነታችን ደም አንጻር ሲታይ እንቁላል የሚያህል የተቋጠረ ደም ትንሽ ነው። የሚያስፈራው ያለበት ቦታ ነው። የተቋጠረው ደም እያደገ ከሄደ የአየር ቧንቧን ይገፋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ከጉሮሮ አካባቢ ደም የሚመልሱትን ሥሮች ይጫናል። ያኔ ጉሮሮ ከውስጥ ያብጣል፣ መተንፈሻው ይጠባል። ይህ ከቀጭን መርፌ በኋላ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው። ግን ሲደርስ ፋታ አይሰጥም።

ስለዚህ አናገርኳቸው። ድምፃቸው የጠዋቱ ድምፅ ነው፣ አልጎረነነም። ምራቃቸውን ዋጡ፣ አላመማቸውም። ሲተነፍሱ የፉጨት ድምፅ የለም። ጋደም ሲሉ አላፈናቸውም። የልብ ምታቸው 96፣ ግፊታቸው 128 በ78፣ ኦክስጅናቸው 97 በመቶ። ያኔ እኔም ተነፈስኩ።

አዲስ ጎዝ ይዤ በሁለት ጣቶቼ እብጠቱን ራሴ ተጫንኩት፣ 15 ደቂቃ ሙሉ፣ በሰዓት። በመሀል አልገለጥኩም። ጠንከር አድርጌ ይዣለሁ፣ ግን ጭንቅላት የሚመግበውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ ካሮቲድን፣ እንዳልዘጋ ተጠንቅቄ፣ አንዱን ጎን ብቻ። ሲያበቃ የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ ከበብኩት። እብጠት እያደገ ነው ወይስ ቆሟል በሚለው ላይ ዓይን ያታልላል። መስመር አያታልልም።

እየተጫንኩ ሳለ ነው ወሬ የጀመርነው። እሳቸው ልጃቸውን ለማረጋጋት ብለው «እኔ እኮ ጠዋት እንዳያመኝ ብዬ ሁለት ውጬ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ምን ውጠው?»

ልጃቸው ቦርሳቸውን ከፈተች። አስፒሪን፣ ባለ 300 ሚሊግራም። ጥቅሉ ግማሹ አልቋል። እብጠቱ ሌሊት ስለሚጠዘጥዛቸው ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ሲወስዱ ቆይተዋል። ልጅቷ ተናዳ «እማዬ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ብለው ጠይቀውሽ አልነበር?» አለቻቸው።

«ይሄ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም» አሉ እናትየው፣ ከልባቸው።

አልዋሹኝም። እኔ የጠየቅኩት ስለ መድኃኒት ነው። ለእሳቸው መድኃኒት ማለት ሐኪም ያዘዘው፣ ለበሽታ የሚወሰድ ነገር ነው። ሕመም ሲመጣ የሚዋጥ ክኒን በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። ስንቱ ሰው እንደሳቸው ያስባል! አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ በየቦርሳው አሉ፣ «መድኃኒት» ተብለው ግን አይጠሩም።

አስፒሪን የሚያደርገው ነገር ይህ ነው። ደም ሥር ሲቀደድ ቀድመው ደርሰው ቀዳዳውን የሚደፍኑት ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው። እርስ በርስ ለመጠራራት የሚጠቀሙበት ኬሚካል አለ። አስፒሪን ይህን ኬሚካል የሚሠራውን ኢንዛይም ለዘለቄታው ያበላሸዋል። ፕላትሌት ኒውክለስ ስለሌለው አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም። አንዴ አስፒሪን የነካው ፕላትሌት እስኪሞት ድረስ እንደዚያው ይቀራል። ዕድሜው ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ለዚህ ነው አንድ ክኒን ለቀናት የሚታወሰው። አይቡፕሮፌን ለየት ይላል፤ ኢንዛይሙን ለጊዜው ነው የሚይዘው፣ በአንድ ቀን ገደማ ይለቀዋል። ፓራሲታሞል በተለመደው መጠን ሲወሰድ ፕላትሌትን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይነካም።

የደም ምርመራ አዘዝኩ። ፕላትሌት 271,000፣ ጤናማው ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። አይኤንአር የሚባለው የደም መርጋት መለኪያ 1.0። ሁሉም ቆንጆ። ልጅቷ ወረቀቱን አይታ «እና ደሟ ደህና ነው ማለት ነው?» አለች። ደህና ነው፣ ግን ይህ ምርመራ ፕላትሌቶቹን ይቆጥራቸዋል እንጂ ሥራቸውን አያይም። አይኤንአርም የሚለካው ሌላውን የመርጋት መንገድ ነው፣ ዋርፋሪን የሚባለው የደም ማቅጠኛ የሚነካውን። አስፒሪን የወሰደ ሰው በሁለቱም ምርመራ ጤነኛ ሆኖ ያልፋል። ወረቀቱ ሊነግረኝ ያልቻለውን የነገረኝ ቦርሳቸው ነው።

ቀጥሎ አልትራሳውንድ። የተቋጠረው ደም 4 በ2.5 ሴንቲሜትር ነበር፣ ከንፍፊቱ ውጭ፣ በጡንቻውና በቆዳው መካከል። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ደም የለም፤ መፍሰሱ ቆሟል። ካሮቲድና ከጎኑ ያለው ትልቁ ደም መልስ ሳይነኩ በቦታቸው አሉ። በተለይ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር። የትልቅ ደም ቅዳ ግድግዳ ሲቀደድ ደሙ በዙሪያው ካለው ሥጋ ጋር እንደ ከረጢት ይቋጠራል፣ በልብ ምት ልክም ይመታል። ያ ቢሆን ኖሮ መጫን ብቻውን አይበቃም፣ ወደ ቀዶ ሐኪም መሮጥ ነበር። አልነበረም። አንገት ላይ ያለ እብጠት ሲዳሰስ የሚመታ ከሆነ፣ ኢንፌክሽንም ይመስል ሌላ፣ በአልትራሳውንድ ሳይታይ መርፌ አይነካውም። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ እላለሁ።

ሌሊቱን እዚያው አደሩ። ጭንቅላታቸው ከፍ ብሎ፣ ነርሷ በየሰዓቱ መስመሩን እያየች። ልጅቷ ሻርፗን አውልቃ አንገታቸውን ጥብቅ አድርጋ ልታስር ነበር። አስቆምኳት። አንገት ዙሪያውን አይታሰርም። ማሰሪያው ደሙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ የሚመለሰውን ደም ይዘጋል፣ እብጠቱ ሲያድግም ይደብቀዋል። ነግቶ ስመጣ እብጠቱ ከመስመሩ አላለፈም። ወደ ቤት ላክኳቸው፣ አስፒሪኑን በፓራሲታሞል ቀይሬ።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ ደወለች። እያለቀሰች ነው። «ዶክተር፣ ደሙ ወደ ደረቷ ወረደ!» አለችኝ። ፎቶ ላከችልኝ። አንገታቸው በልዟል። ወይን ጠጅ የመሰለው ቀለም ከአንገታቸው ወርዶ ከደረታቸው በላይ ያለውን አግድም አጥንት አልፏል። ይህን አስቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር። የተቋጠረ ደም ሲሟሟ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከቆዳ ሥር ይሰራጫል። ቀለሙ ከወይን ጠጅ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይሄዳል። አስፈሪ ይመስላል እንጂ የመዳን ምልክት ነው። እብጠቱ ራሱ እየቀነሰ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ነው። እስቲ ንግግራቸውን አሰሚኝ አልኳት። እናትየው ስልኩን ተቀብለው «ደህና ነኝ ልጄ፣ እሷ ናት የምትረበሸው» አሉኝ።

የእኔ ስጋት ሌላ ነበር። የረጋ ደም ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ኢንፌክሽን ካለበት ንፍፊት አጠገብ የተቀመጠ የረጋ ደም ወደ መግል ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ እብጠቱ ቀንሶ ሳለ እንደገና ቢጨምር፣ ቆዳው ቢቀላና ቢያብረቀርቅ፣ ትኩሳቱ ቢብስ ወዲያው እንዲመጡ ነገርኳት። አልሆነም። በ12ኛው ቀን ሳያቸው የቀረው ቢጫ ቀለም ብቻ ነው።

ውጤቱ እንደተጠረጠረው ሆነ። በጂን ኤክስፐርት ማሽን ቲቢው ተገኘ፣ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን የተቋቋመ አይደለም። ስላይዶቹ ላይ ከጠርዙ የወሰድኩት ናሙና በደም ቢበረዝም በቂ ሕዋስ ነበረው፤ ካንሰር የለም። የስድስት ወር ሕክምናቸውን ጀመሩ፣ ሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ አራት ወር በሁለት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አስፒሪኑን ባውቅ ኖሮ ምርመራውን እተወው ነበር? አልተወውም። ከቆዳ ሥር ቅርብ ካለ ንፍፊት ናሙና መውሰድ የመድማት አደጋው ዝቅተኛ ከሆኑት ሥራዎች ይመደባል። በ2019 የወጣው የአሜሪካ የኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ማኅበር መመሪያም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አስፒሪን ይቁም አይልም። ለልብ ወይም ለስትሮክ ሲባል በሐኪም ትእዛዝ አስፒሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ «መርፌ ልወጋ ነው» ብሎ በራሱ ቢያቆም ከመርፌው እጅግ የከፋ አደጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እባካችሁ ይህን ሳትጠይቁ አታድርጉ። የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ንገሩ፣ ውሳኔው ከሐኪሙ ጋር ይሁን።

ባውቅ የምለውጠው አሠራሬን ነበር። 25 ጌጅ መርፌ እወስዳለሁ። ጠርዙን ከመውጋቴ በፊት የደም ሥሮቹን በአልትራሳውንድ አይቼ በመካከላቸው አልፋለሁ። ሲሪንጁን አልስበውም። መርፌውን ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ሕዋሳቱ በራሳቸው ወደ ቀዳዳው እንዲገቡ ማድረግ ይቻላል፣ ደሙም ያንሳል። ስላይዱን ሌላ ሰው ይቀባል፣ እኔ እጫናለሁ። ከዚያም ግማሽ ሰዓት አጠገቤ እንዲቆዩ አደርጋለሁ። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ አስፒሪን ላልወሰደም ሰው የሚጎዳ አይደለም።

ይህን ምርመራ አድርጋችሁ ቤት የገባችሁ ሰዎች፣ የመርፌው ቦታ ቢያም፣ ትንሽ ቢያብጥ፣ ቢበልዝ አትደንግጡ። ግን እብጠቱ ዓይናችሁ እያየ ካደገ፣ ድምፃችሁ ከተለወጠ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ መተንፈስ ከከበደ ወይም ጋደም ማለት ካስቸገረ እስከ ነገ አይባልም። እየተጫናችሁ ወደ ቅርቡ የድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

በሕክምናው ሦስተኛ ወር ላይ የእናትየው ንፍፊት እንደገና አበጠ። በንፍፊት ቲቢ ይህ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ እየሠራ ሳለ ሰውነት ከሞተው ባክቴሪያ ጋር ሲታገል እብጠቱ ለጊዜው ይጨምራል። የሚያክማቸው ሐኪም ግን እርግጠኛ ለመሆን ሌላ ናሙና ጠየቀ። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። መጡ። ገና ሳይቀመጡ ቦርሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፈው «ይኸው፣ መድኃኒቱም ያው፣ መድኃኒት ያልሆነውም ያው» አሉኝ። የቲቢው ክኒን፣ ቫይታሚን፣ ፓራሲታሞል። አስፒሪን የለም።

25 ጌጅ፣ በአልትራሳውንድ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ። ስላይዱን ባልደረባዬ ቀባችው። ልጅቷ ስልኳን ከፍታ ሰዓት ያዘች፣ እኔ ተጫንኩ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ እናትየው «አይበቃም?» አሉ፤ ልጅቷ «አይበቃም እማዬ» አለች። አሥር ሲሞላ ጎዙን አነሳሁት። አንድ ነጥብ ደም ነበረበት፣ ከእስክሪብቶ ጫፍ የማይበልጥ።